መርዶ የማይናገር መሣሪያ

የምንኖርበት ሕንፃ አሳንሰር፣ ገለጻው «ሰው ወደ ላይ ያወጣል» ስለሚል፣ ሁለት ወር ሙሉ ማንንም አላወረደም። ወደ ላይ ስንሄድ በጆሯችን የሚናገሩት የማሽን ወኪሎቻችን ይጠሩልን ነበር። ወደ ታች ስንሄድ ግን ባዶው አሳንሰር በሩን ከፍቶ ፊታችን እንደቆመ «ለመውረድ የተመደበ መሣሪያ አልተገኘም፤ ደረጃውን ይጠቀሙ» ይሉን ነበር። ድሮ ግድግዳው ላይ በጣት የሚጫን ቁልፍ ነበር አሉ፤ ከተነቀለ ቆይቷል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዛሬ ሰው በእጁ የሚነካው ነገር ቢኖር የበሩ እጀታና የራሱ ጫማ ነው።

«የሚያወጣ ነገር እንደሚያወርድ የታወቀ አይደል እንዴ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ፣ አሳንሰሩን እኔ የወለድኩት ይመስል። አይታወቅም! ለወኪል የታወቀ ነገር የለም። የተጻፈለትን ያነባል፤ ያልተጻፈለትን ወይ ይተወዋል ወይ ከራሱ ይፈጥራል። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልለየሁም።

ስሜ ሃሴት ይባላል። በከተማው የገለጻ ክፍል ውስጥ ገላጭ ነኝ። ወኪሎች በሰው ፈንታ ሆነው የሚጠሩት መሣሪያ ሁሉ፣ ከውሃ መክፈቻው እስከ አምቡላንሱ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራና መቼ እንደማይጠራ የሚናገር አጭር ጽሑፍ አለው። የተበላሸውን እያነሳሁ አርማለሁ። አሳንሰሩንም ያረምኩት እኔ ነኝ፤ «ሰው ወደ ላይ ያወጣል፣ ወደ ታችም ያወርዳል» ብዬ። ጽሑፉ አንድ ትንፋሽ ነበር የፈጀው። ሁለት ወሩን የበላው ፊርማ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሶስና ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲመርጡ፣ ወኪላቸው በጆሯቸው እንዲህ አላቸው፦ «ወንድምዎ አቶ ናታን ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ሽንኩርቱ ሦስት ኪሎ ይበቃል?»

እዚያው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ዳሌያቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ሃሴትዬ፣ ሰው ሟች ነው፤ እሱን አላማርርም» አሉኝ። «ግን ወንድሜን ሽንኩርት እየመረጥኩ ሰማሁት። ቁጭ በይ ያለኝ የለ፣ የደገፈኝ የለ። ሻጩ እንኳ "እማማ፣ ሽንኩርቱን አይርገጡብኝ" ነው ያለኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቢሮ ተመልሼ ገለጻውን አወጣሁት። ከማእከል የተላከ ነው፦ «የቅርብ ሰው ሁኔታ ሲለወጥ ለሚመለከተው ወዲያውኑ ያሳውቃል።» አለቀ፣ ይኸው ነው። የባቡር መዘግየትም፣ የፈተና ውጤትም፣ ሞትም በዚሁ መሣሪያ ይነገራል። ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም ወይ ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

በሕንፃችን ውስጥ ግን የሁሉም ሐሳብ እትዬ ኤልዳና ላይ ነበር። እትዬ ኤልዳና ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ልባቸው ደካማ ነው። አንድ ልጃቸው ናሆም አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ ራሱን ሳያውቅ ተኝቷል። ሐኪሞቹ ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ያብስራ «ተዘጋጁ» ብለዋቸዋል። ለእናቱ የተነገራቸው «እየተሻለው ነው» ተብሎ ነው። ናሆም የሞተ ዕለት ግን የእናቱ ወኪል ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል፤ ደረጃ ላይ ቢሆኑ ደረጃ ላይ፣ ድስት ላይ ቢሆኑ ድስት ላይ ይነግራቸዋል።

ጋሽ ያብስራ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ዛሬ ነገ ሳትይ አስተካክዪው። ኤልዳና እንደ ሶስና ከሰማች የምናወጣው ሁለት ሬሳ ነው።»

«እሺ ጋሼ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከሥሩ ይንገሩኝና ልጻፈው።»

«እንዴት ማለት?»

«መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው?»

«የሚመለከተው ነዋ።»

«የሚመለከተው ማን ነው?»

«እንዴ! ይታወቃል እኮ ልጄ።»

«እሺ፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረውስ ማን ነው?»

«የሚችል ሰው ነዋ! ሁሉም አይችልም።»

«የሚችለውን በምን ልወቀው?»

«ይታወቃል!» ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው መቱት። «ምን ሆነሻል? አንቺ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም? ስንት መርዶ ላይ አልቆምሽም?»

ቆሜያለሁ። ንጋት ላይ እንደሚነገር አውቃለሁ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ጎረቤት ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ እንደሚለበስ፣ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ «ትንሽ አሞት ነበር» እየተባለ እንደሚከረም አውቃለሁ። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም። «ይታወቃል» የምትባለውን ቃል ከአማርኛ ላይ ቢነቅሉልኝ ሥራዬ በግማሽ በቀለለልኝ ነበር።

በመሞከሪያ ክፍላችን ውስጥ ወይዘሮ ሙከራ የምትባል፣ በዓለም ላይ የሌለች ሴት አለች። አዲስ ገለጻ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በእሷ ላይ ነው። ቤት አላት፣ ወኪል አላት፣ እድር አላት፤ ለዚህ ሥራ ብለን ደግሞ ባል ሰጠናትና ገደልንባት።

መጀመሪያ «በጥንቃቄና በርኅራኄ አሳውቅ» ብዬ ጻፍኩ። ወኪሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም ማዘኑን ገልጾ፣ መንገድ ስታቋርጥ ነገራት። «ሰው ባለበት አሳውቅ» አልኩ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ወጥ ቤቷ ውስጥ ነበር፤ ሰው ሰው ነው ብሎ በእሱ ፊት ነገራት። «ንጋት ላይ፣ ቤቷ ውስጥ» አልኩ። ከእንቅልፏ ቀስቅሶ፣ ብቻዋን፣ በጨለማ ነገራት። ጥርሴን ነክሼ «የእድሩን አባላት ንጋት ላይ ቤቷ ሰብስብ፤ ከዚያ አሳውቅ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄኛው ይሠራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ወኪሉ ለእድሩ አባላት በሙሉ ጥሪ ላከ። ወይዘሮ ሙከራም የእድሩ አባል ናት፤ ለእሷም ደረሳት፦ «ነገ ንጋት ላይ በባለቤትዎ መርዶ ላይ እንዲገኙ በአክብሮት ተጠርተዋል።»

ራሴን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አጠገቤ የሚሠሩት ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ግን የማስበው እትዬ ኤልዳናን ነው። ጠዋት በር ላይ ተገናኝተን «ናሆሜ ዛሬ ዓይኑን ገለጥ አድርጓል አሉኝ» ብለውኛል፣ ፊታቸው በርቶ። ይህንን ጋሽ ያብስራ ናቸው የፈጠሩላቸው።

ወንድሜ አቤኔዘር እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ሌላ የቀረኝ ዘመድ የለም፤ እናት አባታችን ካለፉ ቆይተዋል። እሱ አፋር በረሃ፣ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይሠራል። ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ዛሬስ ማንን ገደልሽ?»

«ያንኑ የወይዘሮ ሙከራን ባል።»

«አሁንም አልተቀበረም? ምስኪን! ገምቶ ይሆናል እኮ።»

«አንተ ሂድ ወደዚያ! የምር እያበድኩ ነው። ሰው የሚያውቀውን ነገር መጻፍ አቅቶኛል።»

«አይ እህቴ፣ ሰው የማያውቀውን መጻፍማ ቀላል ነው» አለና ሳቀ። «ለገና ቴምር ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ሰውየውን በወግ ቅበሪው።»

በማግስቱ ቢሮ የገባሁት አለቃዬን ለመለመን ነበር። ክሩቤል በዕድሜ ታናሼ፣ በወንበር አለቃዬ ነው። ወኪሉ ሲጠየቅ እኛ እንደምንለው «ትንሽ አሞታል» እንዲል ፍቀድልኝ አልኩት።

«ወኪል አይዋሽም። ሕግ ነው።»

«ጋሽ ያብስራ በየቀኑ እየዋሹላቸው ነው እኮ! ለምን ይመስልሃል እትዬ ኤልዳና በእግራቸው የቆሙት?»

«ሰው ሰው ነው፣ ሃሴት። ወኪል ነገ ስለ መድኃኒት ቢዋሽሽስ?»

እውነቱን ነው፤ ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁትና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እትዬ ሶስና ያሉኝ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። ቁጭ በይ ያለኝ የለ፣ የደገፈኝ የለ። እሳቸው እኮ ስለ አነጋገሩ አልከሰሱም። ወኪሉ ቃሉን ቢያሳምረውም ባያሳምረውም ያው ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ የነበረው ማሽን እንዴት አድርጎ ሞት እንደሚናገር ነው። ማሽን እንዲናገር ማን ፈለገ? ማንም! ያለውን ሁሉ ሰረዝኩና እንደ አዲስ ጀመርኩ።

«ይህ መሣሪያ መርዶ አይናገርም። ሰው ይሰበስባል።

ሰው ሲሞት ለእድሩ ሊቀመንበር ብቻ ንገር። የሚመጡትን ሰዎች ሊቀመንበሩ ይመርጣል፤ አንተ አትምረጥ። የሟቹን የቅርብ ዘመድ የእድሩ አባል ቢሆንም አትጥራ።

ጊዜው ንጋት ነው፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ። ሰዎቹ እስኪደርሱ ቤቱ ውስጥ እሳት ካለ አጥፋ፤ አዲስ አታብራ።

ሐዘንተኛው ምንም ነገር ቢጠይቅህ አትዋሽ፣ ግን አትንገር። "ይህን የምነግርህ እኔ አይደለሁም፤ ሰዎች ይመጣሉ" በል። ከዚያ በኋላ ዝም በል። ሌላ ጉዳይ አታንሳ። ምሳሌ፦ ስለ ሽንኩርት አትጠይቅ።

የሚናገረው ሰው ነው። ሰዎቹ ከገቡ በኋላ የአንተ ሥራ አልቋል።»

በወይዘሮ ሙከራ ላይ ሞከርነው። ወኪሏ ለሊቀመንበሩ ነገረ፣ ምድጃዋን አጠፋ፣ ስትጠይቀው ያቺን ዓረፍተ ነገር ብሎ ዝም አለ። በሩ ተንኳኳ። ሙከራው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ነው። ደጋግመን ሞከርነው፣ ያው ነው።

ክሩቤል ገና ሳያነበው «ረዝሟል» አለኝ። «ይህን ያህል ከጻፍሽ ወኪሎቹ ይሰለቻሉ።»

«ወኪል አይሰለችም። የምትሰለቸው አንተ ነህ።»

«ሽንኩርቱስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ምሳሌ ካልሰጠሁት "ሌላ ጉዳይ" ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? አሳንሰሩን ረሳኸው እንዴ?»

ትንሽ አነበበ። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ። «ይህቺስ? "ይህን የምነግርህ እኔ አይደለሁም" የተባለ ሰው ሞት መሆኑን ወዲያው አያውቅም?»

«ይጠረጥራል እንጂ አያውቅም። ወኪል አልነግርም የሚለው ነገር ብዙ ነው። እርግጡን የሚያውቀው ገለጻውን ያነበበ ሰው ብቻ ነው።»

«ሰዎች ቢያነቡትስ?»

«ክሩቤል፣ በዚህ ከተማ ከእኔና ከአንተ ሌላ ገለጻ የሚያነብ ሰው አለ? አንተም አታነብም።»

እንደ አሳንሰሩ እንዳይሆን ፊርማውን ራሴ እያሯሯጥኩ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። አንዱ «ሽንኩርት» የሚለው ቃል ለመንግሥት ጽሑፍ አይመጥንም አለኝ። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። አንዷ ወኪሏ ያጠቃለለላትን አንብባ «አምቡላንስ ነው አይደል?» አለችኝ። እኔ ከበር በር ስል ናሆም በመሣሪያ እየተነፈሰ ነው፤ እናቱ ደግሞ ያ አሮጌው ገለጻ በጆሯቸው እንዳለ ገበያ ይወርዳሉ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ የስብሰባው ክፍል በር ላይ ግን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ፈረሙልኝ። አዲሱ ገለጻ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ።

ናሆም አልሞተም!

የጋሽ ያብስራ ውሸት እውነት ሆኖ አረፈ። አንድ ቀን የምር ዓይኑን ገለጠ፣ ሾርባ ጠጣ፣ በሳምንቱ ተደግፎ ቆመ። እትዬ ኤልዳና በየበሩ እየዞሩ ሲናገሩ ጋሽ ያብስራ «አላልኩሽም?» እያሉ ጺማቸውን ይዳስሳሉ። እትዬ ሶስና በከዘራ እየተደገፉ ከሆስፒታል ተመለሱ። እኔም ለአቤኔዘር «ያንን ሁሉ የለፋሁት ለማይሞት ሰው ነው» አልኩት። «እሰይ፣ የሚቀበር ጠፋ በይኛ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ቴምሩን ገዝቷል፤ ቅዳሜ በሌሊቱ መኪና ተነስቶ እሑድ ይደርሳል።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሻይ ልጥድ ብዬ ወኪሌን ምድጃውን አብራ አልኩት። አልበራም።

«አብራ አልኩህ እኮ!»

ምንም። ደሜ ፈላ። ደግሞ የትኛው ደንቆሮ ነው የምድጃውን ገለጻ የነካካው፣ ነገ ቢሮ ገብቼ ነው የማሳየው፣ እያልኩ ነጠላዬን ደረብኩ።

«ምድጃው ምን ሆኖ ነው?»

«ይህን የምነግርሽ እኔ አይደለሁም፤ ሰዎች ይመጣሉ» አለኝ።

መጀመሪያ የፈለግሁት ስህተት ነው። የእትዬ ኤልዳና ጥሪ ተሳስቶ ወደ እኔ ቤት መጥቶ ይሆናል አልኩ። ናሆም ግን ትናንት ማታ አናግሮናል። የእኔ የቅርብ ዘመድ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ ነው።

«አቤኔዘር የት ደረሰ?» አልኩት።

ዝም አለ። ዝም በል ብዬዋለሁ። ስለ ብርዱ አላነሳም፣ ስለ መንገዱ አላነሳም፣ ስለ ሽንኩርት አልጠየቀም።

ጨለማው ውስጥ እንደቆምኩ ገለጻውን መስመር በመስመር በቃሌ አነበብኩት። የሆነ ቦታ ላይ የሳትኩት ነገር ይኖራል፣ የሆነ ቃል በሁለት መንገድ ይነበባል፣ ወኪሉ አጣሞ ተረድቶታል አልኩ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ያልተሳሳተ ወኪል አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ምን ነበረበት ቢሳሳት! ምንም ስህተት የለውም። የጻፍኩትን ሁሉ፣ እንደጻፍኩት አድርጓል። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

አሳንሰሩ ሲወርድ ሰማሁት። ከዚያ ሲወጣ ሰማሁት።

በሩን ከፍቼ መጮህ እችል ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች በዚህ ብርድ ከአልጋቸው የተነሱት ለእኔ ነው። ብቻዬን አውቄ፣ ብቻዬን አልቅሼ ከጠበቅኋቸው፣ እኔም ወንድሜን ምድጃ አብራ እያልኩ ሰማሁት ማለት ነው። ስለዚህ አልሰማሁም አልኩ። ገና አልነገሩኝም። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ያብስራ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። እትዬ ኤልዳና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላ እትዬ ሶስና በከዘራቸው።

«ምነው ጋሼ?» አልኩ። «ምነው በማለዳ፣ በደህና ነው?»

«እስቲ እንግባ፣ ልጄ። እስቲ እንቀመጥ» አሉኝ።

እትዬ ኤልዳና ሁለቱንም እጆቼን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ ሶስና ግን ወንበር አልፈለጉም። በዚያ በተሰበረ ዳሌያቸው ቀስ እያሉ ዞረው ከጀርባዬ መጡና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ብወድቅ ሊይዙኝ ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

ይህን ገለጻው ላይ አልጻፍኩትም ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ይቁም የሚል መስመር የለም፤ ረስቼዋለሁ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው። «እዚያ ይቁሙ ማን አለዎት?»

«ማን ይለኛል?» አሉኝ። «ይታወቃል እኮ ልጄ።»

ጋሽ ያብስራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አቤኔዘር» አሉ። ያኔ አለቀስኩ።